በማዳም ፊሎሜን መዝገብ ያልተጻፈችው

ማዳም ፊሎሜን ኩዌቪ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት መዝገቡን ይገልጡ ነበር። የባሕር ዳሯ የአኔሆ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሰዓት በተበላሸ ቁጥር ሰዎች የእጅ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት እሳቸው በር ሲከፍቱ በሚሰማው ድምፅ ነበር። ቁልፉ በጥቁር ክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይውላል። በሩን ይከፍታሉ፣ መስኮቶቹን ይከፍታሉ፣ ከመድረኩ ላይ ካለው ወንበራቸው ይቀመጡና የተማሪዎቻቸውን ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ። የተጠራችው ተነሥታ በፈረንሳይኛ «አለሁ» ትላለች። ያለች ትጻፋለች፤ የሌለች አትጻፍም። ለሃያ ሁለት ዓመታት በዚያ መዝገብ ላይ ሐሰት ገብቶ አያውቅም፤ ማዳም ፊሎሜን በሕይወታቸው ከሚኮሩባቸው ጥቂት ነገሮች ዋነኛው ይህ ነበር።

የሚመሩት ማኅበር «የባሕር በር የፈረንሳይኛ ማኅበር» ይባላል። ከመምህርነት ጡረታ በወጡ በዓመቱ ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ያልገቡ ሴቶች ናቸው፤ ዓሣ የሚያጨሱ፣ ልብስ የሚሰፉ፣ በገበያ ጨርቅ የሚሸጡ። በሐኪም ቤትም ሆነ በፍርድ ቤት የሚሰጣቸው ወረቀት ሁሉ በፈረንሳይኛ ስለሚጻፍ፣ የገዛ ልጃቸውን የልደት ወረቀት እንኳ ለማንበብ የሰው ፊት ያዩ ነበር። ማዳም ፊሎሜን ከዚህ ውርደት ሊያወጧቸው ቆረጡ። የሞተ ነጋዴ ያሠራውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለመኑና አገኙ፤ ምድር ቤቱን የመማሪያ ክፍል አደረጉት፣ ከፎቁ ላይ ራሳቸው ኖሩ። ባሕሩ ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ይርቅ ነበር። አሁን ሁለቱንም መንገድ በልቶ ከጓሮ አጥር ሥር ይተነፍሳል።

ክፍሉ አንድ ሕግ ነበረው፤ ከበሩ ወዲህ የሚነገረው ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። በአገሩ ቋንቋ፣ በሚና፣ የተናገረች ያንኑ በፈረንሳይኛ ትደግማለች። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የባህል ትምህርት ይሰጣል፤ ግጥም በቃል ይነበነባል፣ የደብዳቤ አጻጻፍ ሥርዓት ይጠናል፣ ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ሹካና ቢላዋ ይደረደራል።

«ይኼ ሁሉ ሹካ ለአንድ ዓሣ ነው?» አለች አንድ ሐሙስ አብላቪ፣ ዓይኗ በማጨሻው ጢስ የቀላ፣ አፏ የማያርፍ ሴት። «ዓሣው እኮ ሞቷል ማዳም! የት እንዳያመልጥ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ማዳም አልሳቁም።

«በፈረንሳይኛ ድገሚው።»

«በፈረንሳይኛማ ከሆነ እስክጨርስ በእውነት ያመልጠኛል።»

የማኅበሩ ጸሐፊ ሙሴ ፎሊ፣ ቀድሞ የጉምሩክ ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌ፣ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ማዳም ፊሎሜን ግን እስክትደግም ድረስ ቆመው ጠበቋት፤ ደገመችም።

በአኔሆ መንታ ሴቶች ሲወለዱ ስም አይፈለግም። ቀድማ የመጣችው አኩዌሌ፣ ተከትላት የመጣችው አኮኮ ትባላለች። ከሁለቱ አንዷ ብትሞት ሞተች አይባልም፤ እንጨት ለቀማ ሄደች ይባላል። እናት ከጠራቢ ዘንድ ሄዳ ስንዝር የምታህል የእንጨት ምስል ታስጠርባለች። ምስሊቱ ትታጠባለች፣ ትለብሳለች፣ አደንጓሬ በቀይ የዘንባባ ዘይት ይቀርብላታል፤ በሕይወት ያለችው እህቷ በሄደችበት ትሄዳለች፣ በተቀመጠችበት ትቀመጣለች። መቀመጫ የተነፈገች እንደሆነ ግን ያለችውን ልትወስድ ትመጣለች።

ማዳም ፊሎሜንም ሲወለዱ አኩዌሌ ነበሩ። ፊሎሜን የሚለውን ስም የሰጧቸው የሚሲዮን መነኮሳት ናቸው። ተከታያቸው አኮኮ በአራት ዓመቷ በኩፍኝ እንጨት ለቀማ ሄደች። እናታቸው ምስሏን አስጠርበው፣ በግቢያቸው ከነበረው የሎሚ ዛፍ እየቀጠፉ ዕለት ዕለት በሎሚ ያጥቧት ነበር። ፊሎሜን በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ እናት ምስሊቱን በመቀነታቸው ሸጉጠው ከበሩ ድረስ መጡና ለእሷም መቀመጫ ለመኑ። አስተማሪዋ መነኩሲት ሳቁባቸው።

ወር ሳይሞላ ፊሎሜን በመጫወቻው ሜዳ በሚና ቋንቋ ሲናገሩ ተገኙ። ቅጣቱ የታወቀ ነው፤ የላም መንጋጋ አጥንት በገመድ ከአንገት ይታሰራል፤ የሚፈታውም የታሰረበት ልጅ ሌላ በአገሩ ቋንቋ የተናገረ ሰው ሲያጋልጥ ነው። ማንንም ላለማጋለጥ ሦስት ቀን ተሸከሙት። በአራተኛው ቀን እናታቸው እንደ ልማዳቸው ሁለት ሳህን አደንጓሬ ይዘው፣ ምስሊቱን ታቅፈው፣ ከበሩ ቆመው በሚና «ልጆቼ፣ ምሳ ደርሷል!» ሲሉ ተጣሩ። ፊሎሜን ወደ መነኩሲቷ ዞሩ። በጠራ ፈረንሳይኛ «ይህች ሴት በአገር ቋንቋ ተናግራለች» አሉ። «የያዘችው እንጨት ነው። እኔ እህት የለኝም።»

አጥንቱ ከአንገታቸው ወረደ። እናት ከዚያ ቀን ወዲያ ወደ ትምህርት ቤቱ በር አልመጡም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው ቀጥ ያለ መሥመር ነው። በሎሜ መምህርነት ተማሩ፤ ሠላሳ ዓመት አስተማሩ፤ አላገቡም። እናታቸው ሲሞቱ ምስሊቱ በቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፋ ደረሰቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ባሕሩ የእናታቸውን ቤት ከነግቢው፣ ከነሎሚ ዛፉ ወሰደው። ሳጥኑ ከእሳቸው ጋር ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር ኖሮ በመጨረሻ በማኅበሩ ክፍል፣ ከመድረኩ በስተኋላ ካለው ደረጃ ሥር ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንበራቸው ጀርባ ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። ከፍተውት አያውቁም።

ሰባ ሁለት ዓመት በሞላቸው ዓመት ከተማሪዎቻቸው መካከል የኤሲቪ ላቴ መንታ ልጆች ነበሩ፤ ሃያ ዓመት የሞላቸው ልብስ ሰፊዎች። የሁለቱም ስም በማዳም እጅ ጽሑፍ ተከታትሎ በመዝገቡ ሰፍሯል። አኩዌሌ ከክፍሉ ሁሉ ላቅ ያለች ነበረች፤ በየካቲት የሚሰጠውን የቃል ፈተና ካለፈች በሎሜ አንድ የወሊድ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ አድርጎ ሊወስዳት ቃል ገብቶላታል። ክፍሉ ለክረምት እንደ ተዘጋ፣ በነሐሴ፣ የከተማው ሐይቅ ከባሕሩ በሚገናኝበት አፍ ላይ ታንኳ ተገለበጠ። አኮኮ አልወጣችም።

ክፍሉ በጥቅምት ተከፈተ። ማዳም ስም መጥራት ጀመሩ።

«አኩዌሌ ላቴ።»

«አለሁ።»

ማዳም ብዕራቸውን ወደ ቀጣዩ መሥመር አወረዱ። ስሙን አልጠሩትም። ነገር ግን ከዚያው አግዳሚ «አለሁ» የሚል ቀጠን ያለ ሁለተኛ ድምፅ ወጣ።

ቀና ሲሉ አኩዌሌ ቆማለች። ከጎኗ፣ እህቷ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ፣ ከሟቿ ቀሚስ በተቀደደ ሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ምስል ተቀምጣለች።

«ማነው የመለሰው?»

«አኮኮ ናት ማዳም። እሷ እንጨት ለቀማ ስለሄደች እኔ ነኝ የመለስኩላት።»

«እህትሽ ሞታለች» አሉ ማዳም ፊሎሜን። «በነሐሴ ወር ሰጥማ ሞታለች። የሞተ ሰው አይጻፍም።» ቀይ ብዕር አንሥተው በስሙ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሥመር አሰመሩ። የብዕሩ ጭረት እስከ ኋለኛው አግዳሚ ተሰማ።

ሴቶቹ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ።

«ኧረ ማዳም!» አለች አብላቪ በሚና። «እንዲህ ተብሎ ይነገራል?»

«በፈረንሳይኛ ድገሚው።»

«አልደግመውም። በማንም ቋንቋ አልደግመውም!»

በማግስቱ የመንታዎቹ እናት ኤሲቪ እጆቿ ዓሣ ዓሣ እየሸተቱ መጣች። ከደጃፉ አላለፈችም።

«ማዳም፣ ስንዝር ናት። ምን ታጣብብብዎታለች? ጥግ ይስጡልኝ።»

«የቦታ ነገር አይደለም፣ ኤሲቪ። መዝገቡ እውነት ብቻ ነው የሚይዘው።»

«እርስዎም አኩዌሌ ነዎት። ያውቁታል።»

«እኔ ፊሎሜን ነኝ።»

«በዚህ ከተማ ፊሎሜን የምትባል ልጅ የወለደ የለም» አለች ኤሲቪ። «እሺ፤ ልጄን ልትወስድብኝ ስትመጣ ለመዝገብዎ እነግረዋለሁ።»

ከበረሃ አቧራ የሚያመጣው የሐርማታን ነፋስ በታኅሣሥ ገባ። ሰማዩ ዐመድ መሰለ፣ ፀሐይ በቀትር እንደ ጨረቃ ነጣች፣ ሰው ጎረቤቱን በአሥር እርምጃ መለየት አቃተው። ማዳም ጠዋት ያጸዱትን ክፍል በስድስት ሰዓት ቆልፈው ወደ ፎቃቸው ወጡ፤ በዘጠኝ ሰዓት ወርደው ከፈቱ። ከመድረኩ ላይ፣ ከወንበራቸው እግር ሥር፣ አንድ እስር ጭራሮ ተቀምጧል። እንጨቶቹ ክንድ ከስንዝር የሚሆኑ፣ በሣር ገመድ የታሰሩ፣ የልጅ እጅ ሊይዘው የሚችል ጭብጥ ነበሩ። በወለሉ ላይ ነፋሱ ያገባው አቧራ ቀጭን ሆኖ ተኝቷል፤ ዱካ የለበትም።

«ይህን ማን አስቀመጠ?»

ሴቶቹ ወደ አኩዌሌ አዩ፤ አኩዌሌ ወደ ምስሊቱ አየች። ምስሊቱን ማዳም ከአግዳሚው ስለ ከለከሉ በጉያዋ ነበር የያዘቻት።

በማግስቱም አንድ እስር ተገኘ። በሦስተኛውም ቀን። ማዳም የበሩን ቁልፍ አስለወጡ፤ መስኮቶቹን በሚስማር አስመቱ፤ እስሩ ግን በየቀኑ ይጨመር ነበር። ማስረጃ ነውና እንዳይጣል አዘው ከጓሮ አስከመሩት። አንድ ቀን ሙሴ ፎሊ አንዱን ጭራሮ አንሥተው ሰበሩና አሸተቱት።

«እሾህ አለው፣ ይሸታል… የሎሚ እንጨት ነው እኮ፣ ማዳም!»

«ቢሆንስ?»

«ከሐይቁ ወዲህ የሎሚ ዛፍ ያውቃሉ? ጨው ከገባበት ስንት ዘመኑ! የመጨረሻውን ያየሁት ሱሪ ሳልታጠቅ ነው።»

ማዳም ጭራሮውን ተቀብለው ወደ ክምሩ መለሱት። የሎሚው ሽታ ግን ያን ቀን ከእጃቸው አልወጣ አለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቀትር ላይ ወደ ፎቅ አልወጡም። በሩን ከውስጥ ቆለፉና ከመድረኩ ወንበር ተቀምጠው፣ አኮኮ ላቴ ትቀመጥበት ከነበረው ባዶ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። ሌባውን እይዛለሁ ብለው ነበር። ከተማው በቀትር ዕረፍት ጸጥ ብሏል። ባሕሩ ከአጥሩ ሥር ይስባል፣ ይተፋል። አቧራው በመስኮት ስንጥቅ በገባው ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ አግዳሚው ላይ አንዳች አልመጣም።

ከዚያ ከጀርባቸው ቀጭን እንጨት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ዞር ለማለት አንገታቸው እምቢ አላቸው። እንደገና ቀጭ አለ፤ እንደገና፤ ሥራውን እንደሚወድ ሰው፣ ሳይቸኩል። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሙሴ ፎሊ በሩን ሲያንኳኩ ተነሡ። እስሩ ከወንበራቸው እግር ሥር ነበር። ያስቀመጠው ልብሳቸውን ነክቶ ቢያልፍ እንኳ አላወቁትም።

«እኔ አግዳሚውን ስጠብቅ የኤሲቪ ልጅ በኋላዬ ዞረች» አሉ በልባቸው። ሌላ ነገር አላሰቡም።

በዚያ ሳምንት አኩዌሌ መታመም ጀመረች። ትኩሳት የላትም፣ ሳል የላትም፤ ድምፅዋ ነው የሚያልቀው። መጀመሪያ የሄደባት ፈረንሳይኛው ነው፤ በደንብ የምታውቃቸው ቃላት አንድ በአንድ ጠፉባት። ቀጥሎ ሚናውም ቀጠነ። በጥር አጋማሽ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ክፍል መምጣት አቆመች።

«እየጠራቻት ነው» አለች አብላቪ፣ ያን ቀን ሳትቀልድ። «ማዳም ይህችን ልጅ በቀይ ብዕር ገደሏት።»

ማዳም ፊሎሜን ይህን ሰሙ። እንድትደግመውም አላዘዙም።

በማግስቱ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ወደ ኤሲቪ ቤት ሄዱ። አኩዌሌ በምንጣፍ ላይ ተኝታለች፤ የእጇ አንጓ እንደ ጭራሮ ሆኗል። ከአጠገቧ ሁለት ሳህን አደንጓሬ አለ፤ የእሷ አልተነካም። በምስሊቱ ፊት ያለው ሁለተኛው ሳህን ግን ጎድሏል።

«መጥተው አዩልኝ?» አለች ኤሲቪ። «መዝገቡንም ይዘው መጡ? ጥሩ፤ እሱም ይያት።»

ማዳም ከወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ማንም ሰው ማዳም ፊሎሜን መሬት ሲቀመጡ አይቶ አያውቅም። መዝገቡን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ከአኩዌሌ ስም ቀጥሎ በጥቁር ቀለም «አኮኮ ላቴ» ብለው ጻፉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሐሰት ያልነካው ገጽ ነው። ከዚያ ከስሙ ፊት «አለች» የሚለውን ምልክት አደረጉ።

«ከነገ ጀምሮ መቀመጫዋ ከእህቷ ጎን ነው» አሉ። «ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ የማኅበሩ መሪ።»

አኩዌሌ በሦስተኛው ቀን ድምፅ አወጣች። በአምስተኛው ቀን በእናቷ ተደግፋ መጣች፤ ምስሊቱ ከአግዳሚው ተቀመጠች፤ ሁለቱም ስም ተጠራ፤ አኩዌሌ በሁለት ድምፅ መለሰች። ሴቶቹ አለቀሱ። ሙሴ ፎሊ «እንግዲህ እንጨቱም ይብቃን፤ ጓሮው ሞልቷል» አሉ።

በማግስቱ ማዳም በሩን ሲከፍቱ እስሩ ከቦታው ነበር። ከወትሮው በእጥፍ ይተልቃል። እሾሁ አረንጓዴ ነው፤ የተሰበረበት ገና ያለቅሳል።

ማዳም ከወንበራቸው ተቀምጠው መዝገቡን ገለጡ፤ የመጀመሪያውን ስም ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው አየር ብቻ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሞከሩ፤ ቀጭን ሲር የሚል ድምፅ ወጣ። ያን ቀን ስም የጠሩት ሙሴ ፎሊ ናቸው። በሚቀጥለው ቀን ማዳም ጠመኔ ይዘው ከሰሌዳው ፊት ቆሙና ሥልሳ አምስት ዓመት ያስተማሩበትና የኖሩበት ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ አልሰጥ አላቸው። ሰሌዳው ባዶ ሆኖ ዋለ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ አኩዌሌን በእጅ ምልክት አስቀሩ። በሹክሹክታ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተቱ ተናገሩ።

«መቀመጫ ሰጠኋት። ጻፍኳት። ሌላ ምን ትፈልጋለች?»

አኩዌሌ ምስሊቱን ከአግዳሚው አንሥታ አቀፈች።

«የእኔዋ ምንም አትፈልግም፣ ማዳም። አብራኝ ነው የምታድረው፣ አብራኝ ነው የምትበላው። የእኔ ድምፅ የጠፋው መቀመጫ አጥታ ነው፤ መቀመጫዋን ስታገኝ መለሰችልኝ። እንጨት ግን አምጥታ አታውቅም።»

«ታዲያ…»

«እንጨቱ አንድም ቀን በእኔ አግዳሚ አልተገኘም።» ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከእርስዎ ወንበር ሥር ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማዳም፤ የእርስዎዋ የት ነው የተቀመጠችው?»

የማዳም ዓይን ወደ ደረጃው ሄደ። አኩዌሌ እጅ ነሥታ ወጣች።

ጊዜው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር፤ የሐርማታን ጭጋግ ወርቃማ ሆኗል። ማዳም ፊሎሜን ከደረጃው ሥር ተንበርክከው ሳጥኑን ጎተቱት። ቁልፉ ዝጎ ነበር፤ በሹካ ሰበሩት፤ ከሐሙሱ ጠረጴዛ ሹካዎች በአንዱ። ክዳኑ ሲከፈት የሎሚ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ምስሊቱ በእናታቸው መቀነት ተጠቅልላ ተኝታለች። ፊቷ በእጥበት ብዛት አፍንጫና ዓይኑ ጠፍቶ ለስልሷል። አርባ ዓመት የተዘጋ ሳጥን ነው። እግሮቿ ላይ ግን እርጥብ አሸዋ ነበር። መዳፎቿ በብዙ ቦታ ተጭረዋል፤ በአንደኛው ውስጥ አረንጓዴ እሾህ ተሰክቶበታል፤ ዙሪያው ትኩስ የዛፍ ፈሳሽ ይዟል።

ማዳም እሾሁን በጥፍራቸው ነቀሉት። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ሴቶቹ ሲገቡ ከመድረኩ ላይ ሁለት ወንበር አዩ። በአንደኛው ማዳም፤ በሌላው፣ በሁለት ወፍራም መጻሕፍት ላይ ከፍ ብላ፣ በነጭ የጠረጴዛ ጨርቅ የተጠቀለለች ምስል። ሙሴ ፎሊ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ማዳም መዝገቡን ገለጡ። ከሁሉ በላይ፣ ከመጀመሪያው መሥመር በፊት ባለው ባዶ ቦታ፣ ትላንት ማታ በእጃቸው የተጻፈ ስም አለ። ድምፃቸው ሲር ሲር እያለ ወጣ፤ ይሁንና ተሰማ።

«አኮኮ ኩዌቪ።»

ባሕሩ ከአጥሩ ሥር ሳበ፣ ተፋ። ማንም ስለ እሷ እንዲመልስላት አልተነጋገሩም ነበርና ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማዳም ራሳቸው ሊመልሱላት አፋቸውን ሊከፍቱ ነበር።

የአራት ዓመት ሕፃን ቁመት ከሚያህል ከፍታ፣ ከሁለቱ ወንበሮች መካከል መልስ መጣ። ሁሉም ሰሙት፤ እስከ ዛሬም አልሰማሁም ያለ የለም። በፈረንሳይኛ አልነበረም። በሚና ነበር፤ ለምሳ ስትጠራ እየሮጠች የምትመጣ ልጅ ለእናቷ የምትመልሰው ዓይነት ነበር።

የክፍሉን ሕግ የሚያውቁት ሃያ ሦስት ሴቶች ትንፋሻቸውን ያዙ። ማዳም ፊሎሜን ብዕራቸውን ከወረቀቱ በላይ እንደ ያዙ ቆዩ። እንድትደግመው አላዘዟትም። «አለች» ብለው ምልክት አደረጉና ወደ ቀጣዩ ስም ተሻገሩ፤ ድምፃቸውም ከስም ወደ ስም እየጠራ ሄደ።

ክፍሉ ሲያልቅ ወደ ጓሮ ወጡ። የተከመረውን የሎሚ እንጨት እሾሁን እየተጠነቀቁ ራሳቸው አነደዱት፤ አብላቪ ድስት አምጥታ አገዘቻቸው። አደንጓሬው እስኪበስል ከእሳቱ አጠገብ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀመጡ። ሁለት ሳህን ቀረበ። ሹካ አልተደረደረም።

«ማዳም፣ ጨው ልጨምር?» አለች አብላቪ በሚና፣ ረስታ። ከዚያ ደንገጥ ብላ በፈረንሳይኛ ልትደግመው አፏን አሰናዳች።

«ለእሷ ጨው አትጨምሪ» አሉ ማዳም ፊሎሜን፣ በዚያው በሚና። «ትጠላለች።»